ከመርዶ የቀደመ ፎቶ

አዴት፣ ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ያምሮት፣

ግንቦት 3 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ጅማ፣ የተማሪዎች ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከፊቴ አራት ሰው ቀርቷል። በአንድ እጄ ትሪ፣ በሌላው ስልኬን ይዣለሁ። ፌስቡክ ከፈትኩ። መጀመሪያ የመጣው አባቴ ነው። የመታወቂያው ፎቶ ነው፤ የሸሚዙ አንገት በአንድ ጎኑ የታጠፈው። ትልቅ አድርገሽዋል። ከኋላው ሰማይና ደመና አስገብተሽበታል፣ ከጎኑ ሻማ አብርተሽበታል። ከሥሩ «አባባ ጌታሁን፣ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ሠርክዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለሽ ስሜን ታግ አድርገሻል። ሠላሳ ሰባት ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ነበር። ሠላሳ ሰባት ሰው ከእኔ በፊት አልቅሶ ጨርሷል።

ከኋላዬ የቆመችው ልጅ «እሙ፣ ተራሽ ደርሷል» አለችኝ። ትሪውን ለእሷ ሰጥቼ ወጣሁ።

ለምን ብሎክ እንዳደረግሁሽ ጠይቀሻል። ይኸው መልሱ።

ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ቤት ደውዬ ነበር። ያነሳው ወንድሜ ወንዳወቅ ነው። «አባባስ?» አልኩት። «ማሳ ወርዷል። ጊዜው የእርሻ አይደል?» አለኝ። በዚያ ሰዓት አባቴ ከተቀበረ ሦስት ቀን አልፎታል። የመመረቂያ ፈተናዬ እስኪያልቅ ሊደብቁኝ ተስማምተው ነበር፤ ወንድሜ፣ እናቴ፣ የነፍስ አባታችን ቄስ እንዳለው፣ አገሩ በሙሉ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት በዳይ አለኝ። አንዱ ዋሸኝ። አንዷ ደግሞ ሰው አጠገቤ በሌለበት፣ ትሪ ይዤ በቆምኩበት አረዳችኝ። ወንድምን ብሎክ ማድረግ አይቻልም። አንቺን ይቻላል፤ ስልኩን ሦስት ጊዜ መንካት ብቻ ነው።

አዲሱን ስልክ ቁጥሬን ከእናቴ ለምነሽ መደወል ትችይ ነበር። አለመደወልሽ ደግ ነው፣ አላነሳም ነበር። ከዚህ በኋላ የምትይው ካለሽ በወረቀት በይው። ፌስቡክ ላይ ሰው ሳያስብ ይለጥፋል፤ ወረቀት ቢያንስ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ጋሽ ያህያ፣ ያ ጨርቅ ነጋዴው፣ ፖስታውን እያገላበጠ «በእጅ የተጻፈ? የጃንሆይ ዘመን ተመለሰ እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል። እሱ ይስቅ።

ሠርክአዲስ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 22 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለውድ ጓደኛዬ ለሠርክአዲስ፣

እንደምን ሰነበትሽ? «ውድ» ማለቴ ካስቆጣሽ ዝለይው። እኔ ደህና ነኝ። ፎቶ ቤቱም ደህና ነው፤ ከጥምቀት ወዲህ ሰርግ በሰርግ ሆኗል።

«አንቺ የማንኩሳ ልጅ አይደለሽም ወይ? መርዶ እንዴት እንደሚነገር አታውቂም ወይ?» ብለሽ ባትጽፊውም ጥያቄሽ ይኸ እንደሆነ ገብቶኛል። አውቃለሁ። ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ግራና ቀኝ ቆሞ እንደሚነገር አውቃለሁ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ዛሬ ልቅሶ ያለ ፎቶ ልቅሶ አይመስልም። ሰው የሞተበት ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ ይዞ ይመጣል፣ አሳድጌ በፍሬም አደርግለታለሁ። ያሳደግሁትን በገጼ ላይ መለጠፍ የቤቱ ልማድ ሆኖ ነበር። ቤተሰብ ይወደዋል፤ ከሩቅ ያለ ዘመድም አይቶ ይደውላል። ግንቦት 2 ቀን ወንዳወቅ የአባባን መታወቂያ ይዞ መጣ፤ ለአርባው እንዲደርስለት። ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ አንቺ ነው።

«ሠርክ ተረዳች?»

«ተረድታለች።»

«መጣች?»

«ቤት ናት፣ ከእናታችን ጋር።»

በእግዚአብሔር ስም፣ እንዲህ ነው ያለኝ። ቤቱ ውስጥ ሌሎች ሁለት ደንበኞች ነበሩ። አሁን ሳስበው፣ ልጅቷን ደብቀናታል ብሎ በሰው ፊት መናገር አፍሮ ይሆናል። እኔ ግን አመንኩት። መጥተሽ፣ ተረድተሽ፣ እናትሽ ጉያ ውስጥ ያለሽ መስሎኝ ነው «ያጽናሽ» ብዬ ስምሽን የጻፍኩት።

በማግስቱ ወንዳወቅ ስምሽ ያለበትን ፎቶ ገጼ ላይ አይቶ ተመልሶ መጣ፤ ገና እንዳልተረዳሽ ያን ጊዜ ነገረኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «እኔ እንዳልኩሽ እንዳትነግሪያት። አባቴን ቀበርኩ፤ እህቴን ደግሞ አታሳጪኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። አባቱን የቀበረ ሰው ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል? ደግሞስ በምን ልነግርሽ? ስምሽን ስፈልግ የለም ይለኛል። የተላላክነውን ስከፍት በስምሽ ቦታ «የፌስቡክ ተጠቃሚ» ይላል። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር የተቀመጥን ሰዎች!

ሰው «ሠርክአዲስ ለአባቷ አላለቀሰችም» ይላል። እኔ አላምንም። እውነት ነው?

ያምሮት


አዴት፣ ጥር 29 ቀን 2010 ዓ.ም.

ያምሮት፣

የመጨረሻው ጥያቄሽ ቀላል ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

እውነት ነው። አላለቀስኩም።

ከጅማ ስነሳ እንዳወቅሁ ለማንም አልነገርኩም። ለወንዳወቅ «ፈተናው ተራዝሟል፣ ልመጣ ነው» ብቻ አልኩት። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሁለት ያጎቴ ልጆች ተቀበሉኝ፤ ሁለቱም ዓይኔን ማየት አቅቷቸዋል። «ዛሬ እኛ ቤት እደሪ፣ መንገዱ ጭቃ ነው» አሉኝ። ዝናብ ከጣለ ሳምንቱ ነበር። አደርኩ። ልክ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፤ ቤቱ በሽማግሌ ተሞላ። ቄስ እንዳለው ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአዳም ጀመሩ። የሰው ልጅ አፈር እንደሆነ፣ ወደ አፈር እንደሚመለስ፣ አብርሃምም ይስሐቅም እንዳልቀሩ። አክስቴ ተናኜ ወገቤን ልታስር መቀነት ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ሁለት ጎረምሶች ስወድቅ ሊይዙኝ ግራና ቀኝ ተዘጋጅተዋል።

ያዕቆብ ላይ ሲደርሱ አቋረጥኳቸው። «አባ፣ አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ፌስቡክ ላይ አይቼዋለሁ። አይድከሙ» አልኳቸው።

አክስቴ መቀነቷን እንደያዘች ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ፣ «ኧረ በማርያም! ትንሽ እንኳ ጩኺ፤ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ «ፌስቡክ ማነው? ያገራችን ሰው ነው?» ሲሉ ሰማሁ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ያለቀስኩት ከጅማ እስከ ወልቂጤ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቋንቋዬን አያውቁም፣ እኔም የእሳቸውን አላውቅም። የነጠላቸውን ጫፍ ሰጡኝ፣ በእሱ አበስኩ። ልቅሶዬን በማላውቃቸው ሰው ነጠላ ጨርሼ ነው ማንኩሳ የደረስኩት። ሰው እንዲያይልኝ ሁለተኛ ጊዜ አላለቅስም።

ስለ ወንዳወቅ የጻፍሽውን አምኛለሁ። የእሱ ነገር ነው። እስከዛሬ ሳልጠይቀው የቆየሁት ይቅርታ እስኪጠይቀኝ ደጁን አልረግጥም ስላልኩ ነው፤ አሁንም አልረግጥም። የአንቺ ጥፋት ግን ግማሹ ብቻ ነው የቀነሰው። ሳታውቂ ለጠፍሽ፣ ይሁን። ካወቅሽ በኋላ ግን ስምንት ወር ሙሉ እውነቱን ይዘሽ ተቀመጥሽ። ወንድሜን እንዳላጣ ተብሎ እውነቱ ተደበቀ። እንደገና ለእኔ ታሰበልኝ ማለት ነው። ማን ጠየቃችሁ?

ሠርክአዲስ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለሠርክ፣

ጤና ይስጥልኝ። ማንም አልጠየቀንም። ልክ ነሽ።

ገጼን ማየት ስለማትችይ ልንገርሽ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የአንድም ሟች ፎቶ አልለጠፍኩም፣ የድሮዎቹንም አጥፍቻለሁ። ደንበኞች ይቀየሙኛል። በቀደም አንዱ ከቡሬ የመጣ «የእኛ አባት ከማን ያንሳሉ? የጌታሁንን ለጥፈሽ የለም እንዴ?» ብሎ ተቆጥቶኝ ሄደ። ማስረዳት ደከመኝ። ሥራ ቀንሷል ብልሽ ግን ውሸት ነው፤ ሰርጉ ይበቃል።

አዴት ብርድ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው? የእርሻ ምርምር ሥራው ለመድሽ? ጋሽ ያህያ «ያች ልጅ ቀኑን ሙሉ የገብስ ፍሬ ስትቆጥር አየኋት፤ ለዚህ ነው አራት ዓመት የተማረች?» ብሎ አሳቀኝ።

እናትሽን አይቻቸው ነበር። ሰላም ብለውሻል። ፎቶ ቤቱን ቀለም እያስቀባሁ ነው፣ ነጭ።

ሠርክ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከብሎክ አውጪኝ። እንድንታረቅ ብዬ አይደለም፤ እሱን ባሻሽ ጊዜ። የምልክልሽ ነገር አለኝ፤ በወረቀት የማይሆን፣ በጋሽ ያህያ እጅም የማይላክ። እሱ በየገበያው ከወንዳወቅ ጋር ይገናኛል። ከላክሁልሽ በኋላ ብትፈልጊ መልሰሽ ዝጊኝ።

ያምሮት


አዴት፣ የካቲት 7 ቀን 2010 ዓ.ም.

ያምሮት፣

ለጋሽ ያህያ ንገሪው። የምቆጥረው ሺህ ፍሬ ነው። ሺህ ፍሬ ተቆጥሮ ይመዘናል፤ የትኛው ዝርያ እንደሚከብድ የሚታወቀው እንደዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ይኸን የሚሠራ ሰው ዓይኑ ክፉ ይሆናል። አንዲት ፍሬ ስትጎድል ያያል።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቡሬው ሰውዬ አምስት መስመር ጽፈሻል። ስለ ቀለሙ ጽፈሻል፣ ነጭ መሆኑን ሳይቀር። ስለ እናቴ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር። የት እንዳየሻት አልጻፍሽም። መቼ እንዳየሻት አልጻፍሽም። ምን እንደምትመስል አልጻፍሽም። አንቺ የሰው መልክ አይተሽ የማትጠግቢ ፎቶ አንሺ ነሽ።

በዚህ የሰርግ ወቅት አንቺ ማንኩሳ አትሄጂም፤ እናቴስ ፍኖተ ሰላም ምን ልትሠራ መጣች? ለገበያ ከሆነ ማንኩሳም ገበያ አላት። አንቺን ልትጠይቅ ከሆነ፣ «ያች ቀልቃላ» እያለች ስትሸሽሽ ነው የኖረችው። በየእሑዱ እደውልላታለሁ። «ደህና ነኝ» ትለኛለች። «አዴት ነይና ሰንብቺ» ስላት በጥምቀት «ጥምቀት ይለፍ» አለች፣ አሁን «ጾሙ ይለፍ» ትላለች። ባለፈው እሑድ ስልኳን ያነሳው ወንዳወቅ ነው፤ እሱ «ማሳ ወርዳለች» ሊለኝ ሲጀምር ራሱ ሰምቶት መሰለኝ፣ መሃል ላይ አቆመና «ቤተ ክርስቲያን ናት» አለኝ።

ወደ እሷ እንዳልሄድ እስካሁን የያዘኝ በወንዳወቅ ላይ ያለኝ እልክ ነው። ልደብቅሽ አልፈልግም።

ቅዳሜ የካቲት 10 ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከብሎክ አወጣሻለሁ። ደንቡን አንብቤዋለሁ፤ ከብሎክ ያወጡትን ሰው መልሶ ለመዝጋት አርባ ስምንት ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ እስከ ሰኞ ቀትር ድረስ ብፈልግም ልዘጋሽ አልችልም። ተጠቀሚበት። ግን አንድ ነገር፤ «እንዴት ነሽ፣ ናፍቀሽኛል» ብለሽ ከጀመርሽ አላነበውም። ከእናቴ ጀምሪ።

ሠርክአዲስ


በሜሴንጀር፣ የካቲት 10 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ 6፡04

ስምሽ ተመለሰ። ይኸው ከእናትሽ እጀምራለሁ።

ጥር 9 ቀን፣ ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ፎቶ ቤት መጡ። ብቻቸውን። ያንን ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን ቀሚስ ለብሰዋል። «ፎቶ አንሺኝ» አሉኝ።

«ለመታወቂያ ነው፣ እትዬ እማዋይሽ?»

«መታወቂያ አለኝ። ጌታሁንን በመታወቂያ ፎቶው አሳደግሽውና አንገቱ እንደታጠፈ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ባየሁት ቁጥር ተነስቼ ላቃናለት ይቃጣኛል። እኔ እንደሱ አልሰቀልም። አሁን፣ ሰው ሳለሁ አንሺኝ። ደመናም አታስገቢብኝ።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ ግራ እጃቸው አልነሳ አላቸው። ላግዛቸው ቀረብኩ። ሠርክ፣ ክንዳቸው አብጧል። ሲነካ ይጠጥራል። ፊታቸው ከስቷል። ጠየቅኋቸው። ከጡታቸው ሥር እብጠት ከወጣ ቆይቷል። ወንዳወቅ የሚያውቀው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ጸበል ወስዷቸዋል። እዚህ ከተማ ያያቸው ሐኪም «ቶሎ ባሕር ዳር ውሰዷት» ብሏል። ወንዳወቅ «አዝመራው ይሰብሰብ» አለ፣ ከዚያ «ጥምቀት ይለፍ» አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው፤ ባሕር ዳር ሄደው የሚባለውን መስማት ፈርቶ።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «ለሠርክአዲስ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ። ገና ሥራ መያዟ ነው፤ ጥላ ትመጣለች፣ ከወንድሟም ትጋደላለች። ማርያምን በይ» አሉኝ። ማርያምን አልኩ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በማግስቱ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ብቻ አልነበረም። በሩን ልክፈትና ከዚያ እነግራታለሁ ብዬ ነው፤ ከዚያ ፈራሁ። አንድ ወር ሞላው፤ ይኸ ወር በእኔ ላይ ይቆጠር።

ባለፈው የነገርኩሽ ሳላውቅ ነው። አሁን አውቄ፣ ምዬ አፍርሼ ነው። ፎቶው ከታች አለ። ደመና የለውም።


6፡41

አይቼዋለሁ።

በስምንት ሰዓቱ መኪና እነሳለሁ። ለወንዳወቅ እንዳትነግሪው። ምንም ነገር እንዳትለጥፊ።


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 6 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለያምሮት፣

እንዴት ሰነበትሽ? እንደምታይው ሰላምታ ጀምሬያለሁ።

በስልክ ያልመለስኩልሽ ንቄሽ አይደለም። ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ እየቆምኩ ነገር መቆራረጥ አልፈለግሁም። አሁን እናቴ ተኝታለች፤ ወረቀትም አለኝ። የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ።

እናቴ ማን እንደነገረኝ ጠይቃኛለች። አልዋሸኋትም፤ አንቺ ነሽ አልኳት። «ማርያምን ብላ?» አለች። «ማርያምን ብላ» አልኳት። «ይቅር ይበላት። ፎቶውን ግን ደህና አድርጋ አንስታኛለች» አለች። ከዚህ በላይ ይቅርታ ከእሷ አትጠብቂ፤ እኔ እንኳ ይኸን ያህል አግኝቼ አላውቅም።

ወንዳወቅ በሩ ላይ ሲያየኝ በእጁ የያዘውን ድርቆሽ ጣለው። «ማን ነገረሽ?» አለኝ። ከእንዴት ነሽ በፊት፣ ከእንኳን መጣሽ በፊት። «እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፤ አዲስ ሥራ ነው፣ አባባም ገና ዓመት አልሞላውም» አለ። «አባባንም እንዳልደነግጥ ብለህ ነበር» አልኩት። እናታችን መሃላችን ገባች፤ በዚያች በታመመች እጇ። በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም ባሕር ዳር ነበርን።

የካቲት 20 ቀን ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ በግልጽ ነው የምትናገረው። የመጣችው ዘግይታ ነው አለች። ቀሪው ሕክምና አዲስ አበባ ነው፣ ረጅም ነው፣ ውጤቱን ዛሬ ማንም አያውቅም። «በኅዳር አምጥተናት ቢሆን?» ብዬ ጠየቅኋት። ወንዳወቅ አጠገቤ ነበር። «ይሻል ነበር» አለች። ይኸን ብቻ ነው ያለችው። ወንዳወቅ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ስወጣ ሲያለቅስ አገኘሁት፤ ለአባታችን እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም። አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ትከሻውን ያዝኩት። ይቅር ብዬዋለሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አላልኩትም። አንድ ቀን እል ይሆናል። መያዝና ይቅር ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወንዳወቅና ቄስ እንዳለው ለብቻ ጠሩኝ። ቄሱ ከማንኩሳ ድረስ ሊጠይቋት መጥተው ነበር። «የበሽታውን ስም እንዳትነግሪያት፤ ስሙን ከሰማች ቀድማ በሐሳብ ትሞታለች» አሉኝ። እኔ፣ ሁላችሁንም በዚህ የከሰስኩት እኔ፣ እሺ አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ «መግል ነበር፣ ወጣልሽ» አልኳት። መዋሸት እንዴት እንደሚቀል ታውቂያለሽ? አንደኛው ቀን ላይ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ገንፎ ሳበላት ማንኪያውን በእጇ ያዘችው።

«ሠርኬ» አለች፣ «አራት ዓመት ተማርሽ፤ ውሸት ግን አላስተማሩሽም። መግል ቢሆን ወንድምሽ በበር በኩል እያየኝ ለምን ያለቅሳል?»

ስሙን ነገርኳት። የሐኪሟንም ቃል ነገርኳት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

«አውቄዋለሁ» አለች። «እናቴም በዚሁ ነው የሄደችው። ለወንዳወቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ እንዳይደነግጥ።»

እሱ ለእኔ፣ እሷ ለእሱ፣ አንቺ ለእሱም ለእኔም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይደብቃል፤ በመሃሉ አምስት ወር አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ተነስታ ተቀመጠችና ማዘዝ ጀመረች። የዘሩን በቆሎ ከጣሪያ ሥር እንድናወርደው፣ ላሟን ተናኜ እንድትይዝ፣ ገበዝ ማርያም ለምትኖረው እህቷ ዛሬውኑ እንዲደወልላት። «በወሬ እንዳትሰማ፣ አንቺው ራስሽ ንገሪያት» አለችኝ። ደወልኩ። አክስቴ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ትናንት መጣች። አሁን አልጋው ጎን ተቀምጣ ፀጉሯን እያበጠረችላት ነው። በደንብ የተነገረው ሰው ምን እንደሚያደርግ አየሽ? ይመጣል።

ከመሥሪያ ቤት የሁለት ወር ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ይዣት እሄዳለሁ። ወንዳወቅ የእርሻውን ጊዜ ያሳልፍና ይከተለናል።

የጓደኝነት ጥያቄሽን ተቀብያለሁ፤ ትናንት፣ ሻይ እየጠጣሁ። አርባ ስምንቱ ሰዓት ካለፈ ወር ሊሞላው ነው፣ አልዘጋሁሽም። ግን አትጨፍሪ። እንደ ድሮው አይደለንም፤ እንደ ድሮው መሆንም አልፈልግም። ድሮ አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ፣ የሚያስከፋው ነገር ደግሞ በመሃል ይዘለላል። አሁን የሚዘለል የለም። ለወንዳወቅም፣ ለተናኜም፣ ለቄስ እንዳለውም ፊት ለፊት ብያቸዋለሁ፤ ለአንቺ ደግሞ በጽሑፍ ይሁንልሽ።

ከእንግዲህ «እንዳትደነግጪ ብለን ነው» የሚለውን ቃል ከማንም አልቀበልም። ለፈተናዬ፣ ለሥራዬ፣ ለጤናዬ ታስቦልኝ የሚዘገይ መርዶ አልቀበልም። ከቤቴ ስለሚሆነው ነገር አገሩ ሰምቶ እኔ የመጨረሻዋ አልሆንም። በሌሊትም ይሁን በቀን፣ በመንገድም ይሁን በሰልፍ መካከል፣ ደውሉልኝ። እደነግጣለሁ። መደንገጡ የእኔ ነው፤ ማንም አይያዝልኝ።

ሠርክአዲስ